ቃሪያዬ ቅጠል ብቻ ሆነ! አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል

አዲስ ጓሮ
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ግራ ገባኝ።

ከሁለት ወር ተኩል በፊት ጓሮዬ ውስጥ ሰባት ችግኝ ተከልኩ። አራቱ ቀጫጭንና ረጃጅም፣ ሲበስሉ የሚቀሉ ቃሪያዎች ናቸው። ሁለቱ ሃባኔሮ፣ ያ በጣም የሚያቃጥለው ቃሪያ። አንዱ ደግሞ ያ ወፍራሙ፣ የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ።

ቁመታቸው ወገቤ ጋ ደርሷል። ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ መዳፌን ያክላል። ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይለኛል። ፍሬ ግን የለም። አንድም! አበባ ያወጣሉ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ አንገቱ ቢጫ ይሆንና ጠብ። ጠዋት ስወጣ መሬቱ ላይ ነጭ ነጭ ተበትኖ አገኛለሁ። አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

የማደርግላቸውን ልንገራችሁ። በየቀኑ ማታ ውሃ አጠጣለሁ። በየሳምንቱ የዶሮ ኩስ በውሃ በጥብጬ እሰጣለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ እያንዳንዱ ሥር ትንሽ ዩሪያ ጣል አደርጋለሁ። ምን አጠፋሁ?

ባልዲ
አጥፍተሽ አይደለም፣ አጥግበሻቸው ነው።

የዶሮ ኩስ ራሱ ከፍግ ሁሉ ናይትሮጅኑ የበዛ ነው። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ቅጠልና ግንድ ነው የሚሠራው። ተክሉ እንዲህ ሲጠግብ ዘር ለመተካት አይቸኩልም። «ገና ላድግ ነው» ብሎ ቅጠል ላይ ቅጠል ይደርባል። አበባ ቢያወጣም ለይስሙላ ነው፣ ወዲያው ይጥለዋል።

ዛሬውኑ ሁለቱንም አቁሚ። ምንም አትስጪ። አዎ፣ ምንም። ለአንድ ወር ያህል ውሃ ብቻ። እኔ ባልዲ ውስጥ ነው የምተክለው፣ ስለዚህ ማዳበሪያ ይበልጥ ያስፈልገኛል። እኔ እንኳ ግን አበባ ከጀመረ በኋላ ናይትሮጅኑን ቀንሼ ፖታሲየም ወዳለበት ነው የማዞረው።

የጓሮ ሽማግሌ
ልጄ፣ ባልዲ ያለሽ ትክክል ነው። ግን ጥፋቱን በሙሉ ዩሪያ ላይ ከመጫኔ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅሽ።

አንደኛ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው? ቃሪያ ሙቀት ይወዳል ሲባል ሰምተሻል። እውነት ነው፣ ግን ልክ አለው። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባው ብናኝ ይዳከማል። ሌሊቱ ከ24 በላይ ሆኖ ሲያድርም እንዲሁ። ከ13 በታች ሲወርድም ይረግፋል። ይህ ተክል ሌሊቱን የሚፈልገው ከ16 እስከ 21 ባለው መካከል ነው። በጣም ቀብጠኛ ነው እንግዲህ።

ሁለተኛ፣ አፈርሽን ነክተሽው ታውቂያለሽ? ላዩን አይደለም የምልሽ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺና ንገሪኝ። እዚያ ድረስ እርጥብ ከሆነ ያን ቀን ውሃ አያስፈልገውም። በየቀኑ ማታ ማጠጣት ልማድ እንጂ እንክብካቤ አይደለም።

አዲስ ጓሮ
ጋሼ አመሰግናለሁ። አሁን ሄጄ ጣቴን ከተትኩ። ጭቃ ነው! ታች ድረስ።

ሙቀቱ ደግሞ ሰሞኑን ቀን 34፣ 35 እየደረሰ ነው። መደቡ ያለው የግንብ ሥር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ራሱ ይግላል። ማታ እጄን ሳስጠጋው ይሞቀኛል።

የጓሮ ሽማግሌ
በቃ አገኘነው። ሦስቱም አንድ ላይ ገጥመውሻል። ማዳበሪያው በዝቷል፣ ውሃው በዝቷል፣ ግንቡ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምድጃ ያሞቃቸዋል።

ግንቡን ማፍረስ አትችዪም። ከሰዓት በኋላ ግን ስስ ጨርቅ ወይም መረብ ከላይ ዘርጊላቸው። ጨለማ አይሁን፣ ሲሶውን ብርሃን ቢከላከል ይበቃል። ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ያግኙ። ለጥሩ ምርት በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል፣ እሱን አትንፈጊያቸው።

ውሃውን ወደ ጠዋት አዙሪው። በየቀኑ አይደለም፣ አፈሩ ሲጠይቅ ብቻ። ስታጠጪ ግን ጥልቅ አድርገሽ አጠጪ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ካልሽ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። በትንሽ ድርቅ ይጠወልጋል።

እኔ መጀመሪያ ስጀምር ሃያ ችግኝ በውሃ ገድያለሁ። በድርቅ የገደልኩት አንድም የለም።

ጥርጣሬ
ሁላችሁም ዩሪያ ዩሪያ ትላላችሁ። ጓሮዋ ውስጥ ንብ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። የኔ ቃሪያ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ነበር። ማዳበሪያ የሚባል ነገር አልሰጠሁትም። ያም ሆኖ አበባው ይረግፍ ነበር። ንብ ስለሌለ ነው።

ባልዲ
ወንድሜ፣ የቃሪያ አበባ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ያለበት ነው። ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ንብ ብትመጣ ደስ ይላል፣ ባትመጣም ነፋስ ቢያወዛውዘው ይበቃዋል። የአንተ ችግር የቤት ውስጥ መሆኑ ነው፤ ነፋስም የለም፣ ንብም የለም። ጓሮ ላይ ግን ነፋስ አለ።

የሆነ ሆኖ ለቤት ውስጥ ተካዮች፦ አበባው በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ፣ ቅርንጫፉን በጣት ቸብ ቸብ ማድረግ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ከአበባው ሥር ግንዱን አስነካዋለሁ፣ ብናኙ ይረግፋል። ቤተሰቦቼ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ጥርጣሬ
እሺ በዚህ ተረታሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጅ ቃሪያዋን ከሃባኔሮ ጎን ነው የተከለችው! በቶሎ ካልነቀለችው ያቃጥላታል። ተዳቅሎ ያ ጣፋጩ ቃሪያ እሳት ይሆናል። ጎረቤቴ ላይ ደርሷል።

አዲስ ጓሮ
ምን?! እውነት ነው? እሱን እኮ ለልጆቹ ብዬ ነው የተከልኩት።

ችግኝ ጠባቂ
እህቴ አትደንግጪ። ይህቺ ወሬ በየጓሮው ትዞራለች። ሰው ሁሉ «ጎረቤቴ ላይ ደርሷል» ይላል፣ ራሱ ላይ የደረሰበት ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬው፣ ማለትም ሥጋው፣ ልጣጩና ዘሩን የያዘው ነጩ ክፍል፣ በሙሉ የእናቲቱ ተክል አካል ነው። የአባቱ ብናኝ ፍሬው ውስጥ የሚቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዘሩ ነው። ስለዚህ ሃባኔሮ ጎን የበቀለ ጣፋጭ ቃሪያ ዘንድሮ ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ ያለ ስጋት ይብሉት።

ለውጡ የሚመጣው ከዚያ ፍሬ ዘር ወስደሽ ስትዘሪ ነው። ዘሩ ተዳቅሎ ከሆነ የሚበቅለው ተክል ያቃጥላል። አቃጣይነት የበላይ ባሕርይ ስለሆነ ከአንድ ወገን ብቻ መውረሱ ይበቃዋል። የጎረቤትህም ነገር ይኸው ይመስለኛል ጥርጣሬ፤ ያለፈውን ዓመት ዘር ራሱ አስቀምጦ ዘርቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ችግኝ ሲገዛ ስሙ ተቀያይሮበት ነው። እኔ ራሴ አንዴ «ጣፋጭ» ተብሎ የተሸጠልኝ ችግኝ አፌን አቃጥሎኛል። ያ ግን የሻጩ ስህተት እንጂ የጎረቤት ቃሪያ ጥፋት አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፣ ሰው አያስተውለውም። ሃባኔሮ በቆረጡበት ቢላ ጣፋጩን መቁረጥ። ከዚያ «ተዳቀለ!» ብሎ መጮህ።

ጥርጣሬ
አላመንኩም። ውጤቱን እናያለን። እህቴ፣ ፍሬ ሲይዝልሽ ቅመሺና እዚሁ ንገሪን።

አዲስ ጓሮ
ቃል እገባለሁ። መጀመሪያ ፍሬ ይያዝልኝ እንጂ!

ዝም ብዬ ነው
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የኔ ችግር ገና ከፊቱ ነው። የሃባኔሮ ዘር ዘርቼ ይኸው 18 ቀን ሆነው። ምንም የለም። አብሮ የተዘራው ሌላው ቃሪያ በ9 ቀን ብቅ ብሏል። ዘሩ ሞቷል ማለት ነው? ልድፋው?

ችግኝ ጠባቂ
በፍጹም እንዳትደፋው! ይሄ የኔ ክፍል ነው፣ ትንሽ ላውራ።

ቃሪያ ሲባል አንድ ዓይነት ተክል አይደለም። ሰው ያላመዳቸው አምስት ዝርያዎች አሉ። ቀጫጭኖቹ ረጃጅሞች፣ ሃላፔኞ፣ ካየን፣ የፈረንጅ ቃሪያው ሁሉ ካፕሲከም አኑም የሚባለው ናቸው። እነዚህ አፈሩ ሞቅ ካለላቸው በአንድ ወይ በሁለት ሳምንት ይበቅላሉ። ሃባኔሮ ግን ካፕሲከም ቺነንሰ ነው። እሱ ሰነፍ ነው። ሦስት፣ አራት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው። አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል።

ዋናው ነገር የአፈሩ ሙቀት ነው። የአየሩ አይደለም፣ የአፈሩ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ዘሩ ዝም ብሎ ይተኛል፣ እርጥበቱ ከበዛ ደግሞ እዚያው ይበሰብሳል። እኔ የዘር ሳህኔን ፍሪጅ አናት ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ሞቅ ይላል። ዘሩን ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ ቅበረው። አፈሩ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ይሁን፤ እርጥብ ግን የማይንጠባጠብ።

የመጀመሪያዋ አንገት ብቅ ያለች ቀን ግን ከዚያ አውጣው። ከዚህ በኋላ ሙቀት ሳይሆን ብርሃን ነው የሚፈልገው። ጨለማ ውስጥ አንድ ቀን ብታሳድረው እንኳ እንደ ክር ይረዝማል።

ሌላው ገዳይ፣ ችግኙ ደህና ቆሞ አድሮ ጠዋት አንገቱ ቀጥኖ ወድቆ ማግኘት ነው። ይህ የፈንገስ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም፣ የወደቀው ወድቋል። መከላከያው ንጹሕ አፈር፣ ከሥር ማጠጣት፣ ክዳኑን ቶሎ መክፈትና አየር ማግኘት ነው። እኔ ትንሽ ማራገቢያ በቀን ለጥቂት ሰዓት እከፍትላቸዋለሁ። ግንዳቸውም ይጠነክራል።

ዝም ብዬ ነው
ፍሪጅ አናት ላይ አወጣሁት። እናያለን። ወደ ጓሮ የማወጣውስ መቼ ነው?

ችግኝ ጠባቂ
እውነተኛ ቅጠል አምስት ስድስት ሲያወጣና ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በላይ ሲሆን። ግን በአንድ ጊዜ አታውጣው! የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ በሚቀጥለው ሁለት ሰዓት፣ እያልክ በሳምንት ወይ በአሥር ቀን ለፀሐዩ አለማምደው። ያልለመደ ቅጠል በግማሽ ቀን ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። አይቼዋለሁ፣ አልቅሻለሁ።

የጓሮ ሽማግሌ
ስትተክለው ደግሞ ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር አራርቀው። አምና ወይም ካቻምና ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን የነበረበት ቦታ ላይ አትትከል። ሁሉም ዘመዳማቾች ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ሦስት ዓመት ቦታ ማቀያየር ይበጃል።

ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የትምባሆ ቫይረስ ወደ ቃሪያ ይተላለፋል። ይህን ስል ዘመዶቼ ይቀየሙኛል።

ቀይ ሲሆን
ለሁላችሁም ማስጠንቀቂያ ልተው። ትናንት 30 ሃባኔሮ በባዶ እጄ ሰንጥቄ ዘር አወጣሁ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዓይኔን አሸሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

ባልዲ
ነፍስ ይማር ልል ነበር 😂 አሁን ደህና ነህ?

ቀይ ሲሆን
ዓይኔ ደህና ነው። ብዙ ንጹሕ ውሃ አፈሰስኩበት። ጣቶቼ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ይለበልቡኝ ነበር።

ችግኝ ጠባቂ
ውሃ ብቻውን ስለማያስለቅቀው ነው። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። በዘይት ይሟሟል፣ በውሃ ግን እምብዛም። ስለዚህ እጅህን መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሸው፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ታጠብ። ሁለት ጊዜ ደጋግመው። አፍህን ካቃጠለህ ደግሞ ወተት ነው። ወተት ውስጥ ያለው ካዚን የሚባለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞት ይሄዳል። በሚቀጥለው ጓንት አድርግ፣ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ደግሞ የሚያቃጥለው ዘሩ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም። ካፕሳይሲን የሚመረተው ዘሩ በተጣበቀበት ነጩ ክፍል ላይ ነው። ዘሩ ላይ የሚገኘው ከዚያ የተቀባው ብቻ ነው።

ዝም ብዬ ነው
ሃባኔሮ ከሌላው ስንት እጥፍ ነው የሚያቃጥለው? ዝም ብዬ ነው የምጠይቀው።

ቀይ ሲሆን
አሁን ባለሙያ ነኝና ልመልስ። መለኪያው ስኮቪል ይባላል፤ ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ በ1912 ያወጣው ነው። መጀመሪያ የሚለካው በሰው ምላስ ነበር። የቃሪያውን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠኑ፣ ማቃጠሉ እስኪጠፋ ያቀምሱ ነበር። ዛሬ በማሽን ነው የሚለካው።

የፈረንጅ ቃሪያ ዜሮ ነው። ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000። ካየን ከ30,000 እስከ 50,000። ሃባኔሮ ከ100,000 እስከ 350,000። በ2023 በዓለም አንደኛ ተብሎ ጊነስ የመዘገበው ፔፐር ኤክስ 2,693,000 ነው። እሱን ሰንጥቄ ዓይኔን ባሸው ኖሮ ይህን ሌላ ሰው ይጽፍላችሁ ነበር።

የሚገርማችሁ፣ ወፎች ምንም አይሰማቸውም። እኛ ላይ ካፕሳይሲን የሚነካው ያንኑ ትኩስ ነገር ሲነካን የሚነቃውን የነርቭ ተቀባይ ነው። ለዚህ ነው አፋችን የተቃጠለ የሚመስለን። ተቀባዩን ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። የወፎቹ ተቀባይ ግን ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም። ፍሬውን ይበሉና ዘሩን ሳይፈጩ ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ስለዚህ ቃሪያችሁን የሚዘርፍ ወፍ ካለ «ያቃጥለዋል» ብላችሁ አትጽናኑ። መረብ ግዙ።

*ከሦስት ሳምንት በኋላ*

አዲስ ጓሮ
ተመለስኩ! ወሬ ይዤ!

ዩሪያውን አቆምኩ። የዶሮ ኩሱንም። ከሰዓት በኋላ ነጭ አሮጌ መጋረጃ ዘረጋሁላቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ምንም አልነበረም፣ አበባው መርገፉን ቀጠለ። ልነቅላቸው ምንም አልቀረኝም። በ12ኛው ቀን ግን አንዱ አበባ ረገፈና ሥሩ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ቀረ! ምስር ታክላለች። አሁን ቀጫጭኖቹ ላይ 23 ፍሬ ቆጥሬያለሁ። በየቀኑ እቆጥራለሁ፣ አትፍረዱብኝ። የፈረንጁም ሦስት ይዟል። ሃባኔሮ ገና አበባ ብቻ ነው።

አሁን አዲስ ጭንቀት አለኝ። ከፈረንጅ ቃሪያው ፍሬ አንዱ ታችኛው ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ሰርጎዷል። ከቀጫጭኖቹም ሁለቱ ላይ አየሁ። በሽታ ነው?

ባልዲ
እሰይ! ይሄን ነበር የምጠብቀው።

ጫፉ የሰረጎደው በሽታ አይደለም፣ አይተላለፍም። ፍሬው ካልሲየም ሲያጥረው ነው። የተጎዱትን ቀንጥሰሽ ጣያቸው።

ጥርጣሬ
የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ ሥሩ ላይ አድርጊ። ያለቀ ነገር ነው።

የጓሮ ሽማግሌ
ጥርጣሬ፣ የእንቁላል ቅርፊት አፈር ውስጥ ተሰባብሮ እስኪሟሟ ወራት ይፈጃል። ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም። ብዙ ጊዜ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውሃ ጋር ነው። ውሃው አንዴ ጎርፍ፣ አንዴ ድርቅ ሲሆን መንገዱ ይቋረጣል።

ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውሃውን ቀንሺ ስልሽ ስንት ቀን አቆየሽው?

አዲስ ጓሮ
ጋሼ… ስድስት ቀን። ቅጠሉ ሲጠወልግ ደንግጬ ሁለት ባልዲ ደፋሁበት። ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ።

የጓሮ ሽማግሌ
ገብቶኛል። እኔም አድርጌዋለሁ።

መሬቱን በደረቅ ሣር ወይም በደረቀ ቅጠል አልብሺው። ውፍረቱ አምስት ሳንቲሜትር ይሁን። ግንዱን ግን አያስነካ፣ ዙሪያውን ክፍት ተዪው። እርጥበቱ ሳይዋዥቅ ይቆይልሻል። ቀትር ላይ ቅጠሉ ትንሽ ቢጠወልግ አትደንግጪ፤ ሙቀቱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ማታ ቀና ካለ ደህና ነው። ጠዋትም ተኝቶ ካገኘሽው ያኔ ጠምቶታል።

ግን አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ጠውልጎ የሚቀር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ውሃ ብትጨምሪበት ትገድዪዋለሽ።

ዝም ብዬ ነው
ሃባኔሮዬ በ24ኛው ቀን በቀለ። ዝም ብዬ ነው የምነግራችሁ 🙂

ችግኝ ጠባቂ
እልልልል!

አዲስ ጓሮ
እንኳን ደስ ያለህ! እኔ ደግሞ ጥያቄ አላለቀብኝም። የአዳዲሶቹ ቅጠሎች ጀርባ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ነገሮች ተኮልኩለዋል። ቅጠሉም ይጣበቃል። ጉንዳኖች ግንዱ ላይ ይመላለሳሉ።

ባልዲ
ክሽክሽ ነው። ይሄም የዩሪያው ዕዳ ነው፣ በናይትሮጅን የለሰለሰ አዲስ ቅጠል ይወዳሉ። መጀመሪያ በውሃ ግፊት ከቅጠሉ ጀርባ ጠራርጊያቸው። ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሚው። ካልበቃ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ማታ ማታ ጀርባውን እርጪ። በፀሐይ አትርጪ፣ ቅጠሉን ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሪ።

ጉንዳኖቹ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልገው ነው የሚመጡት። ለፈሳሹ ሲሉ ከጠላት ይጠብቋቸዋል፤ ስለዚህ የጉንዳኖቹን መንገድ ዝጊ። ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ቀይ ጥንዚዛ ከታየች ግን እንዳትነኳት። እሷ ከእኔም ከአንቺም የተሻለች ሠራተኛ ናት።

*ከአምስት ሳምንት በኋላ*

አዲስ ጓሮ
ቀጫጭኖቹን መልቀም ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ እየጎተትኩ ስነቅል ቅርንጫፍ ሙሉ ይዞ መጣ፤ ፍሬም አበባም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በመቀስ ነው። የሚገርመው፣ በለቀምኩ ቁጥር አበባ ይጨምራል። ሃባኔሮም ዘጠኝ ይዟል፣ ገና አረንጓዴ ናቸው። ሲቀሉ ነው ሲበስሉ የሚባለው አይደል?

ቀይ ሲሆን
እንደ ዓይነቱ ነው። ሃባኔሮ ብርቱካንማም፣ ቀይም፣ ቢጫም አለ። ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ይቀይር። አረንጓዴውም ይበላል፣ ግን ጣዕሙ ገና ነው። የበሰለው የፍራፍሬ ሽታ አለው። እና ጓንት። ጓንት። ጓንት።

ችግኝ ጠባቂ
ዘር ልታስቀምጪ ከፈለግሽ ከአሁኑ አስቢበት። ያልተከፈተ እምቡጥ ምረጪና በስስ የጨርቅ ከረጢት ሸፍኚው። ፍሬ ሲቋጥር ከረጢቱን አውጪና ፍሬው ላይ ቀይ ክር እሰሪ፤ ያ ያልተዳቀለው ነው። ሙሉ በሙሉ ሲበስል ዘሩን አውጥተሽ በጥላ አድርቂ። የገዛሽው ችግኝ ኤፍ ዋን፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ዓይነቶች የተዳቀለ የመጀመሪያ ትውልድ፣ ከሆነ ግን አትድከሚ፤ ዘሩ እናቱን አይመስልም።

ደግሞ ሰብሉ አልቆ ሲደክም አትንቀያቸው። ቃሪያ የአንድ ወቅት ተክል የሚመስለን ብርድ ስለሚገድለው ነው። ውርጭ ካልነካው ለዓመታት ይኖራል። ቆርጠሽ አሳጥሪውና ተዪው፣ በሚቀጥለው ከሁሉ ቀድሞ ያፈራል።

ጥርጣሬ
የኔን ጥያቄ አልረሳሁም። የፈረንጅ ቃሪያው?

አዲስ ጓሮ
ትናንት ለቀምኩት። ከሃባኔሮው በክንድ ርቀት ላይ የነበረውን። ቢላውን አጥቤ ቆረጥኩ። ልጆቹን አራቅኩና መጀመሪያ ራሴ ነከስኩ። ነጩን ክፍል ሳይቀር አኘክሁት።

ምንም! ጣፋጭ ነው። ልጆቹ ግማሹን ጨርሰውታል።

ጥርጣሬ
እሺ። ለጎረቤቴ ይህን አሳየዋለሁ።

ዘሩን ግን እንዳትዘሪው።

ችግኝ ጠባቂ
ይሄውልህ! አሁን ትክክል ተናገርክ።

አዲስ ጓሮ
አሥር ፍሬ ዘር ብቻ ለብቻ አስቀምጫለሁ። ለጉጉት ነው። በሚቀጥለው ወቅት እዘራውና ስንቱ እንደሚያቃጥል እነግራችኋለሁ። ጥርጣሬ፣ ቀማሹ አንተ ነህ።

ቀይ ሲሆን
ወተት ይዘህ ና።